ትኬቱን ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፋሲል ግቢ አካባቢ አስጎብኚ ነኝ፤ ዕድሜዬ 27 ነው። እስካሁን በእንግሊዝኛ ነው የምሠራው። ስፓኒሽ ከእንግዶች አፍ እየለቀምኩ ትንሽ ትንሽ ይዣለሁ። አሁን ግማሹን ወጪ የሚሸፍንልኝ ሰው ስላገኘሁ ማድሪድ ሄጄ ለአራት ወር ልማር ነው፤ ከየካቲት መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ። ትምህርት ቤቱ በላከልኝ ፕሮግራም ላይ በሦስተኛው ሳምንት ክፍሉ በሙሉ «ኤል ሬይ ሌዮን» የሚባል ሙዚቃዊ ቴአትር ለማየት ይሄዳል። ትኬቱ ከትምህርት ክፍያው ውጪ ስለሆነ የሚፈልግ ከወዲሁ ይመዝገብ ብለዋል። ዋጋውን ወደ ብር ስመታው ደነገጥኩ። ጓደኛዬ «ዩቲዩብ ላይ በነፃ ታየዋለህ፣ ምን አሞኘህ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ቀኑ ሁዳዴ ውስጥ መዋሉን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔም ብሆን ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ፣ አንድም ነገር ሳይገባኝ ቁጭ ብዬ እንዳልመለስ እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል? አስጎብኚው፣ ከፒያሳ።»

መልስ፦

ወንድምዓለም፣ እንኳን ደስ ያለህ። እንግዳ እንዲህ በቀዘቀዘበት ጊዜ እጅህን አጣጥፈህ ከመቀመጥ ሌላ ቋንቋ ልጨምር ብለህ መነሳትህ ያስመሰግንሃል።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ቴአትሩን እይ። ከክፍሉ ጋር ግን አትሂድ። አሁን አትመዝገብ፤ ከፋሲካ በኋላ ራስህ ትኬት ቆርጠህ ግባ።

ከእናትህ ልጀምር። እኔ የንስሐ አባትህ አይደለሁም። በሁዳዴ እንዲህ ያለ ነገር ማየት ይፈቀዳል፣ አይፈቀድም ብዬ አልፈርድም፤ እሱን ከአባትህ ጋር ጨርሰው። የማውቀው ነገር ቢኖር፣ እናትህ እዚህ ቅር እያላት አንተ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ደስ እንደማይልህ ነው። ደግሞ ነገሩ ራሱ እንግዳ የሚሆንባት አይመስለኝም። የፋሲለደስ ኪነት ሲባል ታስታውስ እንደሆነ እስቲ ጠይቃት። ዘፈኑ፣ እስክስታው፣ አጭር ድራማው በአንድ ምሽት፣ በአንድ መድረክ ነበር። «የፈረንጅ ኪነት ነው» ብትላት ወዲያው ይገባታል። ቅር ያላት ቀኑ ነው፤ ቀን ደግሞ ይቀየራል።

ቴአትሩም አያመልጥህም። «ኤል ሬይ ሌዮን»፣ ማለትም አንበሳው ንጉሥ፣ ግራን ቪያ በሚባለው የማድሪድ ትልቅ ጎዳና ላይ፣ በሎፔ ዴ ቬጋ ቴአትር ቤት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2011 ጀምሮ የሚታይ ነው። የኮቪድ ጊዜ አቋረጠው እንጂ በየዓመቱ ሲታይ ኖሯል። በሳምንት ብዙ ቀን ስለሚታይ የክፍልህ ልጆች የሚሄዱበት ምሽት የተለየ ምሽት አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያቴ የቋንቋው ነው። ሦስተኛው ሳምንት ለአንተ ገና ነው። የሚዘፈን ቋንቋ ከሚነገረው ይከብዳል። በስፓኒሽ አንዱ ቃል በአናባቢ አልቆ ቀጣዩ በአናባቢ ከጀመረ፣ ሁለቱ ተዋሕደው እንደ አንድ ቀለም ይዘፈናሉ። የምታውቃቸው ሁለት ቃላት ለጆሮህ አንድ የማታውቀው ቃል ሆነው ይመጣሉ። ዜማው አንዱን ቀለም ይጎትተዋል፣ ሌላውን ይውጠዋል። ሁሉም አንድ ላይ መዝፈን ሲጀምሩማ ተወው። እዚያ ላይ የአገሬው ሰውም ሁሉንም አይሰማም።

እንዲያውም አንድ ነገር ልንገርህ። መጋረጃው ሲገለጥ መጀመሪያ የምትሰማው ድምፅ ስፓኒሽ አይደለም። ዙሉ ነው። ቴአትሩ በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ ሲታይ ያ መክፈቻ በዙሉ ነው የሚዘፈነው። ስለዚህ «በቃ፣ ምንም አልገባኝም፣ ገንዘቤን በላሁት» ብለህ እንዳትደነግጥ። ጎንህ የተቀመጠው የማድሪድ ሰውም እንዳንተው አልገባውም።

አሁን ቆም ብዬ ላወራበት ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። ደብዳቤህን ሳነብ «ይህ ልጅ ሊያየው ያሰበውን ታሪክ በየቀኑ እየተናገረው መሆኑን አላወቀም» አልኩ።

የቴአትሩ ታሪክ ይህ ነው። አንድ ንጉሥ አለ። ወንድሙ ዙፋኑን ይመኛል። ንጉሡን ይገድላል፤ አልጋ ወራሹን ልጅ ደግሞ «ጥፋቱ ያንተ ነው» ብሎ ከአገር ያስወጣዋል። ልጁ በስደት አድጎ ይመለሳል፤ ዙፋኑንም ያስመልሳል። የእንስሳ ቆዳ አልብሰውታል እንጂ የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው።

አንተስ ፋሲል ግቢ ውስጥ የምታወራው ምንድን ነው? ታላቁ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1706 ዙፋኑን በገዛ ልጁ በተክለ ሃይማኖት ተነጠቀ፤ በዚያው ዓመትም ጣና ላይ ተገደለ። ሕዝቡ ልጁን «ርጉም» አለው። እ.ኤ.አ. በ1708 እሱም በተራው ተገደለና የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ነገሠ። መሳፍንቱ አልጋ እንዳይመኙ ወህኒ አምባ ላይ ይዘጋባቸው እንደነበር እንግዳ ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማህ። አጎት፣ ወንድም፣ ወራሽ፣ ክህደት፣ ስደት፣ መመለስ። ለቴአትሩ የሚያስፈልግህ ቃል ሁሉ ለሥራህም የሚያስፈልግህ ቃል ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ከመሄድህ በፊት አንድ ቀን ጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ኢያሱ ግንብ ፊት ለፊት ቁምና ታሪኩን በስፓኒሽ ጮክ ብለህ ለራስህ ተናገር። የት ላይ እንደምትቆም ልገምት? «ኤስቴ ካስቲዮ ኤስ ዴል ሲግሎ ዲየሲሲየቴ»፣ ይህ ግንብ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ እስከሚለው ድረስ ሳትደናቀፍ ትሄዳለህ። ድንጋዩን፣ በሩን፣ ጣሪያውን ትጠራለህ። ከእንግዳ አፍ የተለቀመ ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ስም ይሞላዋል። «ልጁ አባቱን አስገደለ» የሚለው ላይ ስትደርስ ግን ግሡ ያጥርሃል። «ኤል ኢሆ ማንዶ ማታር አ ሱ ፓድሬ» ማለት ነበረብህ። ያቆሙህን ግሦች ሁሉ ደብተር ላይ ጻፋቸው። ከደ፣ ሸሸ፣ ወረሰ፣ ተመለሰ፣ ተበቀለ። ማድሪድ ይዘኸው የምትሄደው ደብተር ይህ ነው።

ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ ሁለቱን ኃላፊ ጊዜያት አጥብቀህ ያዝ። «ሬይናባ» ስትል ይነግሥ ነበር፣ በነገሠበት ዘመን እንደማለት ነው። «ሬይኖ» ስትል ነገሠ፣ አለቀ። ታሪክ ነጋሪ ያለሁለቱ አይንቀሳቀስም። አንዱ ዳራውን ያስቀምጣል፣ ሌላው ነገሩን ያስኬዳል። ብዙ አስጎብኚ ሁሉንም በአሁን ጊዜ ነው የሚናገረው፤ እንግዳውም በትህትና ይታገሠዋል።

ከዚያ ዘፈኖቹን አዳምጥ። ሁሉንም አይደለም። ሦስት ወይም አራት ብቻ ምረጥና ግጥማቸውን እያየህ እስኪሰለቹህ ስማቸው። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ የታወቀው ፊልም ለስፔን አንድ፣ ለላቲን አሜሪካ ሌላ ትርጉም አለው። ግጥሙ ስለሚለያይ ሁለቱን እንዳትደባልቃቸው። የመድረኩን የስፔን ግጥም እንዲያገኙልህ መምህራኑን ጠይቃቸው።

የጓደኛህ ዩቲዩብ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ለዝግጅት። በእሱ ላይ አልጣላህም። ግን ስልክ ላይ ያልገባህን ታቆመዋለህ፣ ትመልሰዋለህ። ቴአትር ቤት ማቆሚያ የለም። የስፔን እንግዳም ማቆሚያ የለውም። እየተራመደ፣ እየሳቀ፣ ግማሹን ቃል እየዋጠ ይጠይቅሃል፤ ካመለጠህ አመለጠህ። ያመለጠውን ትቶ ቀጣዩን የሚይዝ ጆሮ ያስፈልግሃል። ለእሱ ልምምድ ከሆነ፣ የተከፈለበትና የማይቆም ምሽት ጥሩ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሁሉንም ልስማ አትበል። አንድ ሰው ምረጥ። እኔ ብሆን ክፉውን አጎት እመርጣለሁ። ክፉዎች መድረክ ላይ ብዙ ጊዜ ረጋ ብለው፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ ነው የሚያሴሩት፤ ለተማሪ ከእነሱ የተሻለ መምህር የለም። ቀልደኞቹ ግን ይፈጥኑብሃል። ሰው ሁሉ ሲስቅ አንተ ብቻ ዝም ብትል አትሸማቀቅ። ቀልድ በማንኛውም ቋንቋ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ውድ ነው፤ አልክድም። ግን አንድ ዋጋ ብቻ አይደለም ያለው። እንደ ቀኑና እንደ ወንበሩ በጣም ይለያያል። አብዛኛውን ጊዜ በሥራ ቀናት ከቅዳሜና እሑድ ይረክሳል። የወጣት ወይም የተማሪ ቅናሽ ካለም ጠይቅ፤ መጠየቅ አያስነውርም። የት ልቀመጥ ካልክ፣ ምርጫዬ ታች ምድር ቤቱ ሆኖ ኋላ ረድፍ፣ መተላለፊያው አጠገብ ነው። መክፈቻው ላይ እንስሳቱ ወደ መድረኩ የሚሄዱት በሕዝቡ መካከል ባለው መተላለፊያ እያለፉ ነው። ፎቅ ላይ ከሆንክ ይህ ያመልጥሃል።

ወንበር ስትቆርጥ ልብ በል። በብዙ የስፔን ቴአትር ቤቶች ጎዶሎ ቁጥሮች በአንድ በኩል፣ ሙሉ ቁጥሮች በሌላው በኩል ናቸው። 5 እና 7 ጎን ለጎን ናቸው። 6 ከመተላለፊያው ማዶ ነው። ከክፍልህ ልጅ ጋር ሄደህ «5 እና 6 ስጡን» ብትሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ በሩቁ ነው የምትተያዩት።

ሰዓቱንም አደራ። ትኬቱ ላይ 20:00 ካለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። አንተ የእነሱን አቆጣጠር ከእንግዳ ጋር ስለዋልክ ለምደኸዋል፤ ቢሆንም ድካምና ብርድ ሲደራረብ ጭንቅላት ወደ አገሩ ሰዓት ይመለሳል። ቴአትር ቤት ያረፈደን ሰው በር ላይ ያስቆማል፤ አመቺ ቦታ ላይ ሲደርሱ ነው የሚያስገቡህ። መመለሻው አያስጨንቅህ፤ የማድሪድ ሜትሮ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል፣ በእነሱ 1:30፣ ይሠራል። ሱፍ ልብስም አያስፈልግም። ንጹሕ ሸሚዝ ይበቃል። ስልክህን አጥፋ፤ መቅረጽ ክልክል ነው። ዘፈን ሲያልቅ ማጨብጨብ ግን የተለመደ ነው። እንደ አዝማሪ ቤት መሐል ገብተህ «ተቀበል!» እንዳትል ብቻ።

ሲወጡ ሰው ወደ እራት ይሄዳል፤ ስፔን ውስጥ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ እራት መብላት ብርቅ አይደለም። አንተ ሜትሮ ውስጥ ተቀመጥና ታሪኩን ከራስህ አውጥተህ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ጻፈው። በስፓኒሽ፣ ስህተቱን ሳትፈራ። በማግስቱ ለመምህርህ ስጥ። ከዚያ በዚያው ወረቀት ላይ የአንበሳውን ስም እየሰረዝክ ኢያሱን፣ ተክለ ሃይማኖትን፣ ቴዎፍሎስን አስገባ፤ የማይገጥመውን አስተካክል። ትኬቱ ገንዘቡን የሚመልሰው እዚህ ጋ ነው።

«ሌላስ የምመርጠው አለ?» ካልክ፣ አለ። ስፔኖች የራሳቸው የሙዚቃ ቴአትር አላቸው፤ ሳርሱዌላ ይባላል። ግማሹ ንግግር፣ ግማሹ ዘፈን ነው። ማድሪድ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ቴአትር ቤት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1856 የተከፈተ። ከእነዚህ አንዷ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው «ላ ቬርቤና ዴ ላ ፓሎማ»፣ ባለ አንድ ክፍል አጭር ሥራ ናት። ታሪኳ የሚፈጸመው ማድሪዶች በነሐሴ አጋማሽ በእመቤታችን ስም በሚያከብሩት በዓል ላይ ነው። የጎንደር ሰው ከእኛ ፍልሰታ ጋር ማዛመዱ አይቀርም። ጨዋታዋ ግን የድሮ የማድሪድ ሰፈር አነጋገር ነው፤ ለጀማሪ ድንጋይ ነው። በግንቦት፣ ገንዘብ ከተረፈህ ሞክረው። ለመጀመሪያው ጊዜ ታሪኩን የምታውቀው ይሻላል።

አንድ ጥቆማ ልጨምር፤ ይህኛው ነፃ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ከሱማሌ ጦርነት በኋላ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ልጆች ኢስላ ዴ ላ ኹቬንቱድ ወደምትባለው የኩባ ደሴት ሄደው ተምረዋል። ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ በየከተማው፣ በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ጎንደር ውስጥ «ኩባ የተማረ ሰው ታውቃላችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ካገኘህ ቡና ጋብዘውና በስፓኒሽ አውራ። ቋንቋው ሲነካ የሚፈካው ፊት ራሱ ያስተምርሃል። የኩባ አነጋገር የቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጣታል። «እናንተ» የሚሉትም ማድሪዶች ጓደኞቻቸውን ከሚጠሩበት ይለያል፤ ኩባ «ኡስቴዴስ»፣ ማድሪድ «ቮሶትሮስ» ነው። ልዩነቱን ከአሁኑ ብታውቀው ከሜክሲኮ የመጣ እንግዳና ከስፔን የመጣ እንግዳ ፊት አትደናገርም።

ለሥራህ የሚሆን ሌላም ነገር ላቀብልህ። ቴአትር ቤቱ ስሙን ያገኘበት ሎፔ ዴ ቬጋ የስፔን ታላቅ ጸሐፌ ተውኔት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1562 ማድሪድ ተወለደ። ጎርጎራ ያረፈው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1564 ከማድሪድ ብዙም በማይርቅ መንደር ተወለደ። እኩዮች ናቸው። አንዱ እዚያ ተውኔት ሲጽፍ ሌላው እዚህ ጣና ዳር፣ በሱስንዮስ ዘመን፣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1622 ሞተ። በሃይማኖቱ ሰበብ በአገራችን የፈሰሰው ደም የማይረሳ ነው፤ ይህንንም ለእንግዳው ሳትሸፋፍን ትነግረዋለህ። ግን ከማድሪድ የመጣ ሰው ጎርጎራ ላይ ቆሞ «ግራን ቪያ ላይ ስሙ የተጻፈው ሰውዬ እኩያ እዚህ ነው ያረፈው» ስትለው አስበው። «ቴአትር ቤቱ ውስጥ ተቀምጬ መጣሁ» ካልከውማ!

አሁን ለትምህርት ቤቱ መልስ ጻፍላቸው፤ ዝም አትበል። በዚያ ቀን በጾም ምክንያት እንደማትመጣ፣ ከፋሲካ በኋላ ግን በራስህ እንደምታይ በሁለት መስመር ንገራቸው። ጾም ለስፔኖች እንግዳ ነገር ስላልሆነ ማንም አይገረምብህም። ክፍሉ ከመሄዱ በፊት የዘፈኖቹን ግጥም የሚያጠኑበት ትምህርት ካለ ግን እንዳትቀር፤ እሱ ከክፍያህ ውስጥ ነው። የክፍልህ ልጆች አይተው ሲመለሱም ታሪኩን እንዲነግሩህ አስቸግራቸው። ጃፓናዊውም ጀርመናዊውም በተሰባበረ ስፓኒሽ ሲተርክልህ ከአንዱ ያላገኘኸውን ቃል ከሌላው ትለቅማለህ። መልቀም እንደሆነ ታውቅበታለህ።